የነጻነት ታጋይ ምሁር ሴቶችን ታሪክ ለማጥናት ከየት እንጀምር?

የአፍሪካ ነጻነት ሲነሳ ንክሩማ፣ ኬንያታ፣ ኔሬሬ ይባላል። ሴቶቹ በአንድ መስመር ይታለፋሉ፤ ይሄ ያናድደኛል።

ማጥናት ከፈለጋችሁ አህጉሩን በሙሉ አንዴ አትጀምሩት። አንዲት ሴት ምረጡ። እኔ ናይጄሪያዊቷን ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲን እመክራለሁ።

ምን ተማረች ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፣ በተማረችው ምን ሠራች በሉ። ፉንሚላዮ እንግሊዝ ተምራ ወደ ናይጄሪያዋ ከተማ አቤኦኩታ ተመለሰችና አስተማሪ ሆነች። በኋላ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ የገበያ ሴቶች ትምህርት ከፈተች፣ እነሱን ስትሰማ ነው በሴቶች ላይ የተጣለው ግብር ምን ያህል እንደሚያስመርር በደንብ የገባት። እ.ኤ.አ. በ1946 የአቤኦኩታ ሴቶች ኅብረት ተቋቋመ። ሴቶቹ በሺዎች ወጡ፣ አቤቱታ ጻፉ፣ ግብር አንከፍልም አሉ፤ በ1949 መጀመሪያ «አላኬ» የሚባለው የአቤኦኩታ ንጉሥ ዙፋኑን ለቀቀ!

ሰነድ ስታነቡ ማን እንደጻፈው እዩ። የቅኝ ገዥ ሹም ሪፖርት እሷን የሚያያት እንደ በጥባጭ ነው። ስለዚህ የሴቶቹን ደብዳቤና አቤቱታ አጠገቡ አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ።

ቀጥሎ አነጻጽሩ። የማሊዋ አዋ ኬይታ አዋላጅ ነበረች፤ ሥራዋ ከሴቶች ጋር አቀራርቧት ፓርቲዋን አደራጀችበት፣ በ1959ም የምክር ቤት አባል ሆነች። ከኛ ደግሞ ስዊዘርላንድ የተማሩትን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ጨምሩ። ጣልያንን ታግለው ጣልያን ውስጥ ባለው አሲናራ ደሴት ታስረዋል፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ ገብተዋል።