ሆቢ 16፦ ከፊት እግሩ አጠገብ የለሰለሰ ቀፎ

ሆቢ 16 ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ካታማራን፣ ማለትም ሁለት ቀፎ (ተንሳፋፊ አካል) ያለው የሸራ ጀልባ ነው። ርዝመቱ 5.05 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ገደማ ነው። ለጥገና የሚመጣው አብዛኛው በብዙ እጅ የዞረና ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ጀልባው ታጥቧል፣ የኋላ ቡሾቹ (የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መክደኛዎቹ) ወጥተዋል፣ ውስጡ የነበረው ውኃ ፈስሷል እንበል። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ።

የአንዱን ቀፎ አፍንጫ ስታነሱ የሌላው ዘግይቶ ይነሳል። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያያይዘው የቱቦ ክፈፍ ላልቷል ማለት ነው። የማዕዘን ቁራጮቹን ከቱቦዎቹ ጋር የያዙት ሪቬቶች ተበልተዋል። በፑንታ አውጥታችሁ፣ የአልሙኒየሙን ነጭ ዝገት ጠርጋችሁ፣ በነበረው መጠን የስቴንለስ ሪቬት ምቱ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ፀረ ዝገት ቅባት ይግባ፤ አለዚያ ጨዋማው ውኃ እንደገና ይበላዋል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው የአልሙኒየም ሪቬት እዚህ ቦታ የለውም።

ምሰሶው የቆመበት ቱቦ መሃሉ ጎብጧል። ከሥሩ ያለው የወጣሪ ዘንግ ላልቷል። ምሰሶውን አውርዱና ቱቦው ቀጥ እስኪል ድረስ ዳዶዎቹን ግራና ቀኝ እኩል አጥብቁ። ቱቦው ተሰንጥቆ ከሆነ ይቀየር። ብየዳ የጠነከረውን አልሙኒየም በሙቀቱ ያለሰልሰዋል፤ ከብየዳው አጠገብ ደግሞ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከአሥር ቀፎ የብዙዎቹ በሽታ ይኸው ነው።

ከፊት እግሩ (ክፈፉን ከቀፎው በላይ ከፍ አድርገው ከሚይዙት አጫጭር ቋሚዎች የፊተኛው) ፊት ለፊት ያለው የቀፎው የላይ ገጽ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሳንቲም ይዛችሁ ከአፍንጫው ወደ እግሩ እያንኳኳችሁ ኑ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ‘ጠቅ’ ይላል፤ የተላቀቀው ‘ዱብ’ እንደሚል ደረቅ ካርቶን ይደነቁራል። ድምፁ በተቀየረበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ክቡ ሲገናኝ ሁልጊዜ ከጠበቃችሁት ይሰፋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የቀፎው ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው፤ ውጭ ፋይበር ግላስ፣ መሃል ፎም፣ ውስጥ ፋይበር ግላስ። ጥንካሬው የሚመጣው ሁለቱ ቆዳዎች ከፎሙ ጋር ተጣብቀው እንደ አንድ አካል ሲሠሩ ነው። ከፎሙ ሲላቀቁ ሁለት ስስ ቆዳዎች ለየብቻቸው ይታጠፋሉ። አፍንጫው ማዕበል ውስጥ ሲሰጥም ደግሞ ጭነቱ ሁሉ እግሩ ጋ ይሰበሰባል። ሆቢ 16 አፍንጫው ሲሰበር የሚሰበረው እዚያው፣ ከፊት እግሩ ፊት ነው።

የሚያላቅቀው የሰው ጥፋትም ነው። ቀፎው ላይ ቆሞ መዝለል፣ ተሳቢ ላይ በአንድ ጠባብ ጎማ ብቻ አስደግፎ ረጅም መንገድ መጎተት፣ ከሁሉም በላይ ቡሹን ዘግቶ በረሃ ፀሐይ ላይ ማቆም። በኤላት ወይም በዱባይ በጋ ውስጡ የታፈነው አየር ሞቆ ቆዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

መድኃኒቱ ቀዳዳ በስቶ ኤፖክሲ (ከሁለት ፈሳሾች የሚበጠበጥ ጠንካራ ማጣበቂያ) በመርፌ ማስገባት ነው። መርፌው የሚሠራው የላይ ገጹ ብቻ ከለሰለሰ ነው። ጎኑም ሥሩም ከለሰለሰ፣ ወይም አፍንጫውን በእጅ ስትጫኑ ስንጥቅ ከተከፈተ ኤፖክሲ አታባክኑ። ያን ጊዜ ያገለገለ ጤነኛ ቀፎ መፈለግ ይሻላል፤ ቆርጦ ከመገንባት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

ማድረቅ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሁሉ ይደግመዋል። ቡሹን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ ማራገቢያ አስገቡበት። ከለሰለሰው ቦታ ዝቅ ባለው ጫፍ አንድ የሙከራ ቀዳዳ ብሱ። ጠብታ ከወጣ ሳምንትም ይፍጅ ጠብቁ። ኤፖክሲ እርጥብ ፎም አይዝም።

መብሳት። 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ጫፉ ጥቂት ብቻ እንዲተርፍ ፕላስተር ተጠቅልሎበት። ቀዳዳዎቹ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ረድፉ እየተዛነፈ። መጀመሪያ የጄልኮት (የቀፎው የውጭ ልባስ) ነጭ ዱቄት፣ ቀጥሎ የሚያሳክክ የመስታወት ብናኝ ይወጣል። ከዚያ ፑንታው በድንገት ይለሰልስና የፎም ፍርፋሪ ይመጣል። እዚያ ጋ አቁሙ! የውስጡን ቆዳ ከበሳችሁ የምታስገቡት ኤፖክሲ ቀፎው ሆድ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል። ጭምብልና ጓንት ግዴታ ነው።

ኤፖክሲ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ይሁን። የዌስት ሲስተም ሙጫ 105 ከማድረቂያው 206 ጋር በመጠን 5 ለ1 ይቀላቀላል፤ ለከባድ ሙቀት ማድረቂያ 209 ይሻላል፣ እሱ ግን 3 ለ1 ነው። ሁለቱን ልክ ያምታታ ሰው ለዘላለም የማይደርቅ ማር ያገኛል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በአንድ ጊዜ አትበጥብጡ፤ በዕቃው ውስጥ ራሱን አሙቆ ያጨሳል። እንዲቀጥን ብሎ አሴቶን መጨመር ክልክል ነው፤ ይደርቃል፣ ግን ደካማ ይሆናል።

በሲሪንጅ ከዝቅተኛው ቀዳዳ ጀምሩ። በጎረቤቱ ቀዳዳ ሲወጣ የመጀመሪያውን በፕላስተር ዝጉና ወደ ጎረቤቱ እለፉ። ሒሳቡን ያዙ፦ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚፈልገው 90 ሚሊ ሊትር ነው። 300 ውጦ አሁንም ካልሞላ እየፈሰሰ ያለው ወደ ውስጥ ነው፤ አቁሙ።

ሲሞላ ላስቲክ አልብሱና ትናንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ደርድሩበት፤ ቆዳው ፎሙን እንዲነካ ያህል ብቻ። ከባድ ድንጋይ ከጫናችሁበት ሰርጉዶ ይደርቃል፤ ያ ጉድጓድ ከዚያ በኋላ አይነሳም። 24 ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በሳንቲሙ እንደገና አንኳኩ። ‘ዱብ’ የሚል ደሴት ከቀረ እሱን ብቻ ብሱና ድገሙ። ባሕር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሌላ ሦስት ቀን ስጡት።

ማጠናቀቂያው ቀላል ነው። ላዩ ላይ የሚወጣውን ቅባታም ነገር መጀመሪያ በውኃ እጠቡ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፤ ሳይታጠብ ከታሸ ቅባቱ ውስጥ ይታሻል። ቀዳዳዎቹን በወፈረ ኤፖክሲ ዝጉ። ኤፖክሲ ፀሐይ አይችልምና በሁለት ውሁድ ፖሊዩሪቴን ቀለም ይሸፈን። ጄልኮት በላዩ በደንብ ላይይዝ ይችላል።

ስለ ‘አቋራጩ’ መንገድ አንድ ቃል። የመኪና ስቱኮ አትለጥፉ። አዲስ ቀለም የተቀባ ቀፎ ሲፋቅ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ከሥሩ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ የሻጩ ‘ሙሉ ጥገና’ ያ ነበር። በጣሳ የሚሸጠው የሚያብጥ ፎምም እንደዚያው ነው፦ ሲያብጥ የሚቀራረቡትን ቆዳዎች ይገፋቸዋል፣ ከዚያ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። የዚህ ዓይነቱን ቀፎ ባዶ ነው ብላችሁ ስታነሱት ወገባችሁ ይናገራል።

ውኃ ማስገባቱን ስትፈትሹ ሳሙና ቀብታችሁ በአፍ እስትንፋስ ብቻ ንፉበት። ኮምፕረሰር የጠገናችሁትን በአንድ ደቂቃ ያላቅቀዋል። ምሰሶውን መልሳችሁ ስታቆሙ ቀና በሉ፤ 8 ሜትር አልሙኒየም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካ ጥገና የለውም።

ጀልባው የብስ ላይ ሲቆም ቡሹ ወጥቶ ይቀመጥ። የወጣውን ቡሽ ግን ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ሸራውን ስትሰቅሉ የግድ የምትነኩት መንጠቆ ላይ እሰሩት።