ልጃገረዶቹ «ወንድ ከሴት ጋር ይወዳደራል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ

ድሬዳዋ ውስጥ ሴት ልጆችን ሩጫ ማሰልጠን ማለት ከንጋቱ 11 ሰዓት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መገኘት ማለት ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላማ አይሞከርም። ሲያርፉ ስልክ ይወጣል፣ ከስልኩ ደግሞ ጥያቄ ይወጣል። «ቲቸር፣ ወንድ የነበረ ሰው ሴቶች ውድድር ላይ ይገባል?» ከቁጣም ከሳቅም በፊት የምመልስበትን መንገድ ቀስ በቀስ አበጅቻለሁ። ለአሰልጣኝም ለወላጅም ይሆናል።

መጀመሪያ ሰዎቹን ለዩላቸው። ልጆቹ ደቡብ አፍሪካዊቷን ሯጭ ካስተር ሴሜንያን «ፆታዋን የቀየረች» ይሏታል። አይደለችም። ሴት ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች ናት፤ ከተፈጥሮ በመጣ ልዩነት ነው ቴስቶስትሮኗ፣ ማለትም በወንዶች የሚበዛው ሆርሞን፣ ከፍ ያለው። ትራንስጀንደር ሴት የሚባሉት ሲወለዱ ወንድ የተባሉ፣ ኋላ ሴት ነን ብለው የሚኖሩ ናቸው። ኒውዚላንዳዊቷ ክብደት አንሺ ሎሬል ሃባርድ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክራ አንዱም አልሆነላትም።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙ። የ800 ሜትር የወንዶች ክብረ ወሰን የኬንያዊው ሩዲሻ 1:40.91 ነው። የሴቶቹ 1:53.28፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሰበረው የለም። ሩዲሻ ሲገባ ሴቷ ገና 87 ሜትር ገደማ ይቀራታል። እኔ አሸዋው ላይ 87 ሜትር በእርምጃ ለክቼ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ልጆቹ ድንጋዩን አይተው ዝም ይላሉ። ይህን ርቀት በዋናነት ያመጣው የወንድ ጉርምስና ነው፤ ቁመቱ፣ ጡንቻው፣ ልቡ። ስለዚህ ነው የዓለም አትሌቲክስ በመጋቢት 2023 የወንድ ጉርምስናን ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በሴቶች ምድብ እንዳይወዳደሩ የወሰነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተቃዋሚዎቹ የሚሉትንም ግን ንገሯቸው። የትራንስጀንደር አትሌቶች ቁጥር ጥቂት ነው፣ ሆርሞን በመድኃኒት ይወርዳል፣ ሁሉንም በአንድ በር መዝጋት ሰውን ከስፖርት ያስወጣል ይላሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ። ከመስከረም 2025 ጀምሮ በዓለም ደረጃ በሴቶች ምድብ የምትሮጥ ሁሉ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ የወንድነት ጂን እንዳላት የሚያይ ምርመራ ታደርጋለች። ያ በላቦራቶሪ ነው፣ በሥርዓት ነው። እዚህ ግን ዓይን ብቻ የሚመረምር ሞልቷል። አንድ ውድድር ላይ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ድምፀ ወፍራሟን ልጄን «ይቺ ትታይ» አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንዲህ ሲገጥማችሁ ልጅቷን ወዲያው ከዚያ አውጡ። የልደት ወረቀት ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ገላዋን ልይ የሚል ካለ ውድድሩን ጥላችሁ ሂዱ፣ አቦ፣ ሜዳልያው ይቅር። የእኔዋ ሁለት ሳምንት ቀረች። ቀፊራ ገበያ ድረስ ሄጄ እናቷን ለምኜ ነው የመለስኳት።

ስለ መልበሻ ክፍልና ሽንት ቤት መጠየቃቸው አይቀርም። እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 በእኩልነት ሕጉ «ሴት» ማለት በተፈጥሮ ፆታዋ ሴት የሆነች ነው ብሎ ፈርዷል፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። ይህን ስነግራቸው አንዷ «ቲቸር፣ እኛ መጀመሪያ መልበሻ ክፍል ይኑረን፣ ከዚያ እንከራከርበታለን» አለችኝ። ሁለቱ ነጠላ ዘርግተው ይዘውላት፣ ከኋላው ቁምጣዋን እየቀየረች ነበር።