የቆዩ የፍላሽ ትምህርቶችን በራፍል እንዴት መክፈት ይቻላል

አዶቤ የተባለው ኩባንያ ለፍላሽ ማጫወቻ (ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያላቸውን የቆዩ ትምህርቶች ለሚከፍተው ፕሮግራም) የሚሰጠውን ድጋፍ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አቆመ። ከጥር 4 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ምንም እንዳያሳይ ተዘጋ። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለ የሳይንስ ማሳያ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከቀረ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ትምህርቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ደህና ተቀምጧል። የድሮውን ማጫወቻ ፈልጋችሁ አትጫኑ። የደህንነት ጥገና ካቆመ ቆይቷል፤ «ፍላሽን አድሱ» የሚለው ማስታወቂያም የታወቀ የቫይረስ መንገድ ነው። የድሮው ማጫወቻ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አጥፉት።

በምትኩ የፍላሽ ፋይሎችን የሚከፍተውን ራፍል የተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።

በመጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት እዩ። የስሙ መጨረሻ ኤስ ደብሊው ኤፍ (.swf) ከሆነ ራፍል ይከፍተዋል። የጃቫ ፋይል ከሆነ አይከፍተውም፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ከራፍል ድረ ገጽ የዊንዶውስ ቅጂውን አውርዱ። ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ስላለ ኮምፒውተሩ የትኛው እንደሆነ፣ ዊንዶውሱም 10 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ደብረ ብርሃን ላይ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ መሐል ሜዳ ድረስ ለሚወስድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የማይሆነውን ይዞ ከሄደ ሌላ ቀን መመለስ ሊኖርበት ነው። ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

የታሸገውን ፋይል ፍቱና ራፍልን በቋሚ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ ትምህርቱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ክፈት በ» በሚለው ራፍልን ምረጡ፤ «ሁልጊዜ» የሚለውንም ምልክት አድርጉበት።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ትምህርቱን ወደ ሌላ ቦታ መቅዳቱ ላይ ነው። አንድ ትምህርት ሥዕሉን፣ ድምፁንና ቀጣይ ምዕራፎቹን ከጎኑ ካሉ ፋይሎች ሊጠራ ይችላል። ዋናውን ፋይል ብቻ ከቀዳችሁ መግቢያው ይታይና ቁልፉ ሲጫን ዝም ይላል። ስለዚህ ሙሉ ማህደሩን፣ ስሞቹን ሳትቀይሩ ቅዱ። ራፍል ፋይል ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀ ምንጩን የምታውቁት ከሆነ ብቻ ፍቀዱ።

መስኮቱ ጨርሶ ካልተከፈተ የግራፊክስ ሾፌሩ (የኮምፒውተሩን ሥዕል ማሳያ የሚያሠራው ሶፍትዌር) አርጅቶ ይሆናል። ሾፌሩን አድሱ፤ ራፍል ተከፍቶ ሥዕሉ ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ ግራፊክሱን ወደ ኦፕን ጂ ኤል ቀይሩና ዝጉት፣ እንደገና ክፈቱት።

ትምህርቱ ተከፍቶ የተወሰነው ክፍል ብቻ ካልሠራ በአክሽን ስክሪፕት 3፣ ማለትም በፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ ሦስተኛ ትውልድ፣ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የራፍል ድጋፍ ለ1 እና ለ2 ጠንካራ ነው፤ ለ3 ግን ገና እየተሟላ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል አትሰርዙት፤ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ደግማችሁ ሞክሩት።