የእሳት አደጋ መኪናን በካርታ ማሰማራት፦ ሀዋሳን እንደ ምሳሌ

ሀዋሳ ላይ እሳት ሲነሳ ደዋዩ የቤት ቁጥር አይነግራችሁም። «ከገብርኤል ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ይላል። ኮምፒውተር ደግሞ «ወረድ ብሎ» አይገባውም። ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የከተማውን መንገዶች ከኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የኢንተርኔት ካርታ) አውርዱና በኪውጂአይኤስ (በካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) ክፈቱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ውድ ሶፍትዌር ግዙ የሚላችሁን ሻጭ ለጊዜው በሰላም ሸኙት።

ቀጥሎ መንገዱን አጣሩ። ካርታው ላይ መስመር አለ ማለት መኪና ያልፋል ማለት አይደለም። ባጃጅ ሽው የሚልበት ቅያስ ለእሳት አደጋ መኪና አይበቃም። መኪናው መስታወቱ ሳይቆጠር 2.5 ሜትር ያህል ይሰፋል። 5,000 ሊትር ከጫነ ውሃው ብቻውን 5 ቶን ነው። ስለዚህ የመንገዱን ስፋት፣ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም አፈር መሆኑን፣ ደካማ ድልድይና ዝቅ ያለ ሽቦ መኖሩን መዝግቡ። በየመንገዱ የሚኬድበትን ፍጥነትም ጻፉ። ኪውጂአይኤስ ፍጥነት ያልተጻፈለትን መንገድ፣ ካልቀየራችሁት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ ነው የሚያሰላው። ክረምት ላይ ጭቃ በዋጠው ቅያስ 50! ትክክለኛውን ፍጥነት መኪናው ላይ ከተገጠመ ጂፒኤስ ውሰዱ፤ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትን ለብቻ ያዙ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ሰው የሚጠራቸውን ምልክቶች ሁሉ በሰንጠረዥ ሰብስቡ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ሆቴል። አንዱ ቦታ ሦስት ስም ካለው ሦስቱንም ጻፉ። የፈረሰ ሆቴል ስምም አይጣል፤ ሕንፃው ቢፈርስም ሰፈሩ በስሙ መጠራቱን አይተውም። ይህን ቢሮ ተቀምጦ መሙላት አይቻልም። የባጃጅ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እያንዳንዱን ምልክት ካርታው ላይ በነጥብ ስታስቀምጡ፣ ነጥቡን ጣሪያው ላይ ሳይሆን መግቢያው በር ላይ አድርጉ። ፕሮግራሙ ነጥቡን ወስዶ በአየር ከሚቀርበው መንገድ ጋር ነው የሚያገናኘው። እንደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለ ሰፊ ግቢ መሃል ላይ ነጥብ ካስቀመጣችሁ፣ መኪናው ከአጥሩ ጀርባ ሊቆም ይችላል። እሳቱን እያየ፣ በሩ ግን በወዲያኛው በኩል ነው። በሩ ሁለት ከሆነ ሁለት ነጥብ ይኑረው። የትኛው ማታ እንደሚቆለፍ፣ ቁልፉም የትኛው ዘበኛ ጋ እንዳለ አጠገቡ ይጻፍ።

መኪና የሚልከውን የእሳት አደጋ ጣቢያ ስትመርጡ በአየር ያለውን ርቀት እርሱት። ከታቦር ተራራ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ቦታዎች ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ፤ መኪና ግን ዞሮ ነው የሚሄደው። ኪውጂአይኤስ «አጭሩን» ወይም «ፈጣኑን» ምረጡ ሲላችሁ ፈጣኑን ምረጡ። መስመሩ ያለምክንያት ሩቅ ዞሮ ከመጣ፣ የሆነ ቦታ ሁለት መንገዶች ሳይነካኩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። መገናኛቸውን አጉልታችሁ እዩት።

መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የታተመ ካርታ ተረኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ውሃ የሞላ መኪና ይዛችሁ መንገዶቹን ዞራችሁ ሞክሩ። ሾፌሩ «በዚህ አልገባም» ካለ ካርታውን አስተካክሉት እንጂ አትከራከሩት።