ከሥራ ልቀነስ እችላለሁ ብላችሁ ከሰጋችሁ ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ የምታደርጉት

መሥሪያ ቤት ውስጥ ወሬው ከተጀመረ፣ ስብሰባ ላይ "በጀት ጠቧል" ማለት ከመጣ፣ በዓመት ይታደስ የነበረው ኮንትራት በሦስት ወር መታደስ ከጀመረ በቃ ደብዳቤ አትጠብቁ። ደርሶብኝ ነው የምላችሁ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም እኔ የምሠራበት ፕሮጀክት በዛ ገንዘብ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ወሬውን ከሰማንበት ቀን እስክንቀነስ ስድስት ሳምንት ገደማ ነበረን፣ እኔ ግን አራቱን ሳምንት "ይስተካከላል" እያልኩ አሳለፍኩት፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ለባለቤታችሁ ንገሩ። ብዙዎቻችን እንዳትጨነቅ እንዳይጨነቅ ብለን እንደብቃለን፣ ከዛ አንዱ ስለ ቅነሳ እያሰበ ሌላው ሶፋ ይቀይራል። እኛ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከልጄ የሒሳብ ደብተር መሃል አንድ ወረቀት ገንጥለን ሁሉንም ጻፍን፣ ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ትምህርት ቤት፣ ሰርቪስ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ካርድ፣ እቁብ፣ እድር፣ ለእናቴ የምልከው። ከዛ ባለቤቴ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ደሞዝ ባይኖርም የግድ የሚከፈለው ላይ ሰረዝ፣ ሊቆም የሚችለው ላይ ክብ ማድረግ ጀመረች። ክቦቹ ሲደመሩ የወር ወጪያችን ሲሶ ሆኑ። አሁን በእጃችሁ ያለውን ብር ለሰረዞቹ ድምር አካፍሉት፣ የሚወጣው ቁጥር ስንት ወር እንደምትቆዩ ይነግራችኋል። እኛ ሁለት ወር ተኩል ነበር የወጣልን። ክቦቹን ደግሞ የዛኑ ወር አቁሟቸው፣ ደሞዝ እየገባ እያለ የሚተርፈው ብር ነው በኋላ ቤቱን የሚይዘው፣ እኛ አገር ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ የለምና።

አሁን ዋናው። የግል ድርጅት ወይም ኤንጂኦ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኛ ሕጉ ሌላ ነው)። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ደብዳቤው "ከዛሬ ጀምሮ" ካለ የዛን ጊዜ ደሞዝ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፣ ከዛ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዛ ሲሶ ይጨመራል፣ ድምሩ ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ መዘጋት ከሆነ በላዩ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ አለ። ለምሳሌ 15,000 ብር የሚከፈለው አራት ዓመት የሠራ ሰው በግምት 15,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 15,000 ለሦስቱ፣ 30,000 ደግሞ የ60 ቀኑ፣ ባጠቃላይ 60,000 ማለት ነው፣ ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይከፈላል። ይሄ ሁሉ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ኮንትራታችሁ ጊዜው አልቆ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት።

እና እባካችሁ፣ እባካችሁ "በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ" የሚል ወረቀት አትፈርሙ። "ለሲቪህ ጥሩ ነው፣ ተባረረ እንዳይባል" ብለው በወንድምነት መልክ ነው የሚመጡት፣ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ፈርማ የ60 ቀኑንም ስንብቱንም አጥታዋለች፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ አያገኝምና። ወረቀት ሲሰጧችሁ "ቤት ወስጄ ላንብበው" በሉ። ካልከፈሏችሁ የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ይቻላል፣ የዳኝነት አይከፈልበትም፣ ግን ከተሰናበታችሁ ስድስት ወር ካለፈ ይርጋ ያግደዋል፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው ያላችሁ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደሞዝ ጭማሪ ደብዳቤዎችን፣ የፔይሮል ወረቀቱን አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የቢሮው ኢሜይል አንድ ቀን ጠዋት ሊዘጋ ይችላል።

መሥሪያ ቤቱ ሕክምና የሚሸፍን ከሆነ የምታዘገዩትን ጥርስ፣ የልጁን መነጽር፣ ቼክአፑን በዚህ ወር ጨርሱ።

እቁብ ላይ ዕጣ ከወጣላችሁ ያው ዕዳ ነው፣ ሰረዝ ውስጥ ይግባ፣ ካልወጣላችሁ ዳኛውን ቀድማችሁ አናግሩት፣ ሰው ከመቅረታችሁ በፊት ስትነግሩት ነው የሚረዳችሁ። አዲስ እቁብ አትግቡ። ለማንም ዋስ አትሁኑ፣ ቀድሞ ዋስ የሆናችሁለት ካለም ብድሩ የት እንደደረሰ ጠይቁት። እድር ግን በፍጹም እንዳታቋርጡ፣ ትንሽ ብር ነው፣ በክፉ ቀን ግን ድንኳኑም ሰዉም ከዛ ነው የሚመጣው።

አዲስ አበባ ተከራይ ከሆናችሁ ውላችሁን እዩት። በ2016 በወጣው የኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፣ ስለዚህ የስድስት ወር አምጡ ሲሏችሁ ያለችውን ብር አውጥታችሁ አትስጡ።

ስንብቱ እጃችሁ ሲገባ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው፣ ሱቅ ክፈት፣ ራይድ ግባበት ምናምን። እኔ የምላችሁ ለሦስት ወር አትንኩት፣ መጀመሪያ የልጆቹን ተርም ክፈሉ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ አስገቡ፣ የቀረውን በባለቤታችሁ ስም ሌላ ባንክ አስቀምጡትና በየወሩ የሰረዞቹን ልክ ብቻ እንደ ደሞዝ አውጡ። እኛ ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው ስለ ንግድ ማውራት የጀመርነው፣ ሥራው በአምስተኛው ወር ተገኘ፣ ያቺ ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፋ አለች።