ለሸክላ ሙዚቃ የቲዩብ ፕሪአምፕሊፋየር እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከቲዩቡ፣ ማለትም ሞገዱን ከሚያጎላው የመስታወት ቱቦ ነው፤ የመስታወቱ ፍካት ዓይን ይስባልና። መነሻው ግን መርፌው የተተከለበት ካርትሪጅ መሆን አለበት፤ ፕሪአምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ከእርሱ የሚወጣውን እጅግ ደካማ ሞገድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ውድ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የካርትሪጁን ዓይነት ከመመሪያው ይለዩ። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት፣ ኤም ኤም የሚባለው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ስለሚያመነጭ 40 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም የ100 እጥፍ ማጉላት ይበቃዋል። ጥቅልሉ የሚንቀሳቀስበት ኤም ሲ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊቮልት ስለማይበልጥ ወደ 60 ዴሲቤል፣ ማለትም 1000 እጥፍ ይፈልጋል። ቲዩብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ የራሱ የሆነ የሽሽታ ድምፅ ስላለው፣ ሙዚቃው ይህን ያህል ሲጎላ ሽሽታውም አብሮ ይጎላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠሪዎች ለኤም ሲ ከቲዩቡ በፊት ትንሽ ትራንስፎርመር ወይም ትራንዚስተር ያስቀድማሉ። የ1 ለ10 ትራንስፎርመር ቮልቴጁን 10 እጥፍ ሲያሳድግ፣ በስተኋላው ያለው የ47,000 ኦም ጭነት (መግቢያው ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ለካርትሪጁ 470 ኦም ሆኖ ይታየዋል፤ ይህ ቁጥር ከካርትሪጁ መመሪያ ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ቀጥሎ መሣሪያው በእርግጥ ፎኖ የሚል፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መግቢያ እንዳለው ይመልከቱ። የቲዩብ ፕሪአምፕሊፋየር ሁሉ ሸክላ ያጫውታል ማለት አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ፎኖው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የአር አይ ኤ ኤ (የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር) መስፈርት መሠረት ይህንን ይገለብጠዋል። መደበኛው የሲዲ መግቢያ ይህን ስለማይሠራ ድምፁ ቀጭንና ደካማ ይሆናል።

ለኤም ኤም የተለመደው የመግቢያ ጭነት 47,000 ኦም ነው። ካፓሲታንሱን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የማጠራቀም ባሕርዩን፣ ግን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ የገመዱና የመግቢያው ድምር ካርትሪጁ ከሚፈቅደው ሲበልጥ የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ይዛባል።

ስለ ቲዩቡ ዓይነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በፎኖ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅሙ 100 ገደማ ሲሆን፣ ምትኩም በቀላሉ ይገኛል። ይልቅስ ቲዩቡ ሥራ እየሠራ መሆኑን ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ከሥሩ ትንሽ አምፖል ተደርጎለት ከጌጥ የማይሻል ድርሻ ብቻ ይዞ ይቀመጣልና። በደንብ የተሠራ የቲዩብ ሰርኪዩት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ይጠቀማል። መሣሪያው ከጠፋም በኋላ ይህ ኃይል ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን አይክፈቱ።

የቲዩብ መሣሪያ መውጫ ኢምፒዳንስ (ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ከፍ ሊል ስለሚችል፣ የሚከተለው አምፕሊፋየር የመግቢያ ኢምፒዳንስ ቢያንስ 10 እጥፍ የሚበልጠው ይሁን።

በመጨረሻ መሣሪያውን ለግማሽ ሰዓት ያህል አሙቀው፣ መርፌውን ሳያሳርፉ ድምፁን እስከሚያዳምጡበት መጠን ከፍ ያድርጉ። በመቀመጫዎ ሆነው የሚሰሙት ሽሽታ ጎልቶ ከሆነ፣ ሙዚቃው ጸጥ በሚልባቸው ቦታዎች ሁሉ አብሮዎት ይኖራል። ሳጥኑን በጣትዎ ቀስ ብለው ሲነኩት ድምፁ በስፒከሩ ከተሰማ፣ ቲዩቡ ንዝረትን ወደ ድምፅ እየለወጠ ነው፤ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ቢሰሙ ግን መሣሪያውን ከመመለስዎ በፊት የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ በሚገባ ያስሩ፣ ፕሪአምፕሊፋየሩንም ትልቅ ትራንስፎርመር ካለው አምፕሊፋየር ያርቁት።