ዘጌ ጫካ ውስጥ በድንኳን ለምታድሩ

ከባሕር ዳር በሳይክል ዘጌ ሄዳችሁ ልታድሩ ካሰባችሁ፣ ድንኳኑን ውሃው ዳር አትትከሉት። ጣናን እያዩ መተኛት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን የጣና ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መሀል መገኘት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው ሰፊ ዱካ ካያችሁ ሳይመሽ ቦታ ቀይሩ።

ራቅ በሉና ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር እደሩ። ከሥራቸው ያለው ቡና ግን የሰው ጉሮሮ ነው። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አንድ ካስማ እንዳትመቱ፤ ሳይክሉንም በችግኞቹ መሀል አትንዱ፣ ግፉት።

አጎበር አይረሳ፣ ወባ አለ። ለግራር እሾህ ደግሞ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዙ። ላብ በላብ ብትሆኑም ሐይቁ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።